ሚያታዋን እንዳትሸጣት

ዳኒዬ፣ ወንድሜ፣ እንዴት ነህ? እማማስ ደህና ናቸው? ልጆቹስ? ድምፅህን ከሰማሁ ስንት ጊዜ ሆነኝ። እኔ የማታ ሥራ ገባሁ፣ አንተም ወደ ዴንቨር ሄድክ፣ እንዲሁ እንደተጠፋፋን ከረምን። በጣም ነው የናፈቅከኝ። የቤቱን የቤተሰቡን ወሬ በስልክ እናወራዋለን። ዛሬ የምጽፍልህ ግን አንድ ነገር ሰምቼ አላስችል ብሎኝ ነው።

ያቺን ማዝዳ ሚያታ መኪናህን ልትሸጣት ነው አሉ። ምነው? «ወገቤን ጨረሰችው፣ ስፖርት መኪና ከእንግዲህ ለእኔ አይሆንም» ብለሃል አሉ። ዳኒ፣ ወገብህን የጨረሱት ያረጁት ሾክ አብዞርበሮች ናቸው። እሷ ምንም አላደረገችህም።

ማዝዳ ይቺን መኪና በፈረንጆቹ 1989 ቺካጎ ላይ ሲያሳያት አንድ ቶን እንኳ የማትሞላ፣ አራቱም ጎማ ላይ ደብል ዊሽቦን (ጎማውን ከላይና ከታች በሁለት ክንድ የሚይዝ አሠራር) ያላት መኪና ነበረች። መንገዱን ታሰማሃለች እንጂ አታንገላታህም። ያንተ ደግሞ የ1995 ናት። ሾኮቹ ተቀይረው የማያውቁ ከሆነ በሕይወት አሉ ብለህ አታስብ።

ብዙ ሰው ሾክ ሲያረጅ መኪናው ይለሰልሳል ብሎ ያስባል። በትልልቆቹ መኪኖች እውነት ሊመስል ይችላል፣ እንደ ጀልባ ይወዛወዛሉ። ሚያታ ላይ ግን ሌላ ነው። መኪናውን የሚሸከመው ሞላው ነው። ሾኩ ሥራው ሞላው ሲጨመቅና ሲዘረጋ ማረጋጋት ነው፦ ውስጡ ያለው ፒስተን ዘይቱን በጠባብ ቀዳዳ እያሳለፈ እንቅስቃሴውን ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ዘይቱ ሲፈስ ወይም ቫልቩ ሲበላ ሞላውን የሚይዘው የለም። የሚያታ ሞላ ደግሞ የሚሄድበት ርቀት አጭር ነው። ስለዚህ ትንሽ ጉድጓድ ስትገባ ያን አጭር ርቀት በአንዴ ጨርሳ ከባምፕ ስቶፑ፣ መጨረሻው ላይ ምቱን ከሚያለዝበው መቆሚያ ጋር ትላተማለች። እሱም በዚህ ዕድሜ በእጅ ሲነኩት የሚፈረፈር ነው። ወገብህ ላይ የሚሰማህ ምት ያ ነው!

እኔ የራሴን በረዶው ሳይመጣ ቀየርኩ። እዚህ ቨርጂኒያ ውሃው አስፋልት ውስጥ እየገባ ሲረጋና ሲቀልጥ መንገዱ በየካቲትና በመጋቢት ጉድጓድ በጉድጓድ ይሆናል፣ ታውቀው የለ። ያው መንገድ፣ ያው ጎማ፣ ያው ሞላ፣ ግን ሌላ መኪና ሆነች። ጉድጓዱን ትነካዋለች፣ አንዴ ዝቅ ከፍ ትላለች፣ ታበቃለች። ባለቤቴ ራሷ ሳልነግራት «ምን አደረግካት?» አለችኝ።

መጀመሪያ ዝቅ ብለህ ሾኮቹን እያቸው። ዘይት ካራሳቸው አለቀ። ጎማው ላይ እጅህን አሳልፍ፣ እዚህም እዚያም ጎድጎድ ያለ ከሆነ ያም ምልክት ነው። ጥጓን ተጭነህ ስትለቃት ደጋግማ ከነጠረች በቃ ሞተዋል። ካልነጠረች ግን ደህና ናቸው ማለት አይደለም፣ ይሄ ፈተና ብዙ ሰው ያሞኛል።

ምቾት ከሆነ የምትፈልገው ኬዋይቢ ኤክሴል ጂ የሚባለው ሾክ ይበቃሃል፣ ዋጋውም ደህና ነው። ትንሽ መጨመር ከቻልክ ኮኒ የሚባለውን ቢጫ ሾክ ግዛና ከላይ ያለውን ማስተካከያ ወደ ለስላሳው ጫፍ አዙረው። ሾኩን ብቻ ቀይረህ ግን አሮጌውን ባምፕ ስቶፕ እንዳትመልስበት። የላይኛውን ማውንትም (ሾኩን ከመኪናው አካል ጋር የሚያያዘውን) ከ1999 እስከ 2005 ካለው ሞዴል ውሰድ። ይገጥማል፣ ለሞላውም ተጨማሪ መሄጃ ይሰጠዋል። ካንተ በፊት የነበረው ሰው ዝቅ የሚያደርግ ሞላ አስገብቶባት ከሆነ እሱንም አውጣና የፋብሪካውን መልስላት። ያቺው አጭር ርቀት ላይ ነው የሚቀንስብህ።

ራስህ ልትሠራው ካሰብክ ስለ ሞላው አደራ። ሞላና ሾኩ አንድ ላይ ነው የሚወጡት፣ ሞላው በመጭመቂያ ሳይታሰር የላይኛውን ዳዶ እንዳትነካ። ሰው ይገድላል። ሌላው፣ ጎሚኒ ያለባቸውን ቡሎኖች መኪናዋ ክሪክ ላይ ተንጠልጥላ አታጥብቃቸው። በጎማዋ ከቆመች በኋላ ነው፣ አለዚያ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ቀርቶ ቶሎ ይቀደዳል። በመጨረሻ አላይመንት ታስደርጋለህ፣ የጎማዎቹን አቅጣጫ ማስተካከል ማለት ነው።

ለዛሬ ግን ምንም የማያስወጣህን አድርግ፦ የጎማውን ንፋስ ለካው። የፋብሪካው 14 ኢንች ጎማ ላይ ከሆነች የሚፈልገው 26 ፒኤስአይ ነው። ጎማ ቤቶች እንደ ሌላው መኪና 35 ይሞሉታል፣ ይሄን ቀላል መኪና ድንጋይ ያደርገዋል።

ሥራውን ለብቻህ አትጀምረው። ለፋሲካ ወደ እናንተ ልመጣ አስቤያለሁ፣ መጭመቂያውንም ይዤ እመጣለሁ። እስከዚያ የአራቱንም ሾኮች ፎቶ አንሥተህ ላክልኝና ምን እንደምናዝዝ እንወስናለን። ለገዢው ደግሞ ሐሳቤን ቀየርኩ በለው።

እማማን ሳምልኝ።

ወንድምህ