መሪ ጨብጬ ያየሁት ፌስቲቫል

ቶሮንቶ፣ ጳጉሜ 3 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለውድ ልጄ፣

ለጤናሽ እንዴት ነሽ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። ዛሬ ሩፋኤል ነው። እዚያ ዝናብ ጥሎላችሁ ከሆነ የሰፈሩ ልጆች ሲቦርቁበት ይታየኛል።

የቶሮንቶ የፊልም ፌስቲቫል እንዴት ተከፈተ ብለሽ ጠይቀሽኝ ነበር። በስልክ ልነግርሽ ብል ኔትወርኩ እየቆራረጠ አላወራ አለን። ስለዚህ በጽሑፍ ይሁን።

መጀመሪያ መንገድ ተዘጋ። እንደ እኔ ላለ የታክሲ ሹፌር ፌስቲቫሉ የሚጀምረው እንዲህ ነው። ከሐሙስ እስከ እሁድ ኪንግ ጎዳና ላይ መኪና ዝር አይልም። 504 ቁጥር የከተማ ባቡር እንኳ ዞሮ ነው የሚሄደው። አስፋልቱ ለእግረኛ ይለቀቃል። ሰው በነፃ የሚታደል ነገር ካለ ይሰለፋል፣ ፎቶ ይነሳል፣ ዝነኛ ሰው ያለፈ ሲመስለው ደግሞ ይሮጣል። በየዓመቱ አማርራለሁ። እውነቱን ለመናገር ግን ያን ሰሞን ገበያዬ ይደራል።

ዘንድሮ 50ኛው ነው። እ.ኤ.አ. በ1976 ሲጀመር ስሙ «የፌስቲቫሎች ፌስቲቫል» ነበር። ሌላ አገር የተመሰገኑ ፊልሞችን ሰብስቦ ለከተማው ነዋሪ ማሳየት ነበር ሥራው። ያ ጠባዩ እስካሁን አልለቀቀውም። የፈረንሳዩ ካን ፌስቲቫል በአብዛኛው የሙያው ሰዎች የሚገናኙበት ነው። እዚህ ግን እኔም ከፈለግኩ ቲኬት ቆርጬ ከዳይሬክተሩ ጋር አንድ አዳራሽ እቀመጣለሁ።

ሐሙስ ማታ ሮይ ቶምሰን አዳራሽ የተከፈተው በዘጋቢ ፊልም ነው። የኮሜዲ ተዋናዩ የጆን ካንዲ ታሪክ ነው። ታውቂዋለሽ፤ «ሆም አሎን» ላይ እናትየዋን በመኪናቸው ከሚያሳፍሯት ሙዚቀኞች መሃል ያ ወፍራሙ ሰውዬ። የዚሁ ከተማ ልጅ ነው። ያደገው ኢስት ዮርክ፣ ዛሬ የእኛ ሰው ቡና ከሚጠጣበት ከዳንፎርዝ ብዙም ሳይርቅ ነው። ዳይሬክተሩ ኮሊን ሃንክስ ይባላል፤ የቶም ሃንክስ ልጅ። አባትየው ከካንዲ ጋር አብሮ ሠርቷል።

የመክፈቻውን ምሽት ቲኬት እንኳን ልገዛ ዋጋውን ጠይቄም አላውቅ። ሌላ አዳራሽ ሲደገም ነው ያየሁት፤ «ራሽ» በሚሉት ሰልፍ ቆሜ። ቲኬት የሌለው ሰው በር ላይ ይሰለፋል። ፊልሙ ሊጀመር ሲል የተረፈ ወንበር ካለ በሰልፉ ተራ ይሸጥለታል። ከሌለ ወደ ቤት። ሰልፉ ላይ ጨዋታው ደስ ይላል። ከፊቴ የነበሩት ሴትዮ ፕሮግራሙን በእስክሪብቶ አስምረውበት «ይህን እይ፣ ያንን ተወው» እያሉ ሲመክሩኝ ነበር። አምባሳደር ሲኒማ በር ላይ ሰው እንዲህ ይጫወት ነበር፤ አንቺ አልደረስሽበትም።

መብራት ጠፍቶ ፊልም መቅዳት ክልክል ነው የሚለው ማስጠንቀቂያ ሲመጣ አዳራሹ በሙሉ እንደ ባሕር ወንበዴ «አርርር!» ብሎ ጮኸ። ልማዳቸው ነው። ትልልቅ ሰዎች እኮ ናቸው! በጎ ፈቃደኞቹን የሚያመሰግነው ጽሑፍ ሲመጣ ደግሞ ያጨበጭባሉ። ይሄኛውን ወድጄላቸዋለሁ።

ፊልሙ መጀመሪያ ላይ ተዋናዩ ቢል መሪ ቀርቦ ስለ ካንዲ መጥፎ ነገር ለመናገር ይሞክራል፤ ያጣል። ሰው ሳቀ። ቀስ እያለ ግን ነገሩ ይከብዳል። የካንዲ አባት በ35 ዓመቱ በልብ ሕመም ሲሞት ልጁ ገና 5 ዓመቱ ነበር። ካንዲም ዕድሜውን ሙሉ ያን ፍርሃት ተሸክሞ ሲያስቅ ኖረ። እ.ኤ.አ. በ1994 በ43 ዓመቱ እሱም በልብ ሞተ፤ ሜክሲኮ ፊልም እየሠራ ሳለ። አንድ ነገር አስተውዪ፤ ዳይሬክተሩ ሰዎቹን እያጣደፈ አያስለቅሳቸውም። ዝም ሲሉ ካሜራው ይጠብቃቸዋል። ያንቺ አጭር ፊልም ላይ አያትሽ ስትናገር ቶሎ ቶሎ ትቆርጫለሽ። እስኪ አንዴ ዝም ብለሽ ጠብቂያት።

ስለ ቀይ ምንጣፉ ብዙ የምልሽ የለኝም። ቅዳሜ ማታ ተዋናዩ ዳንኤል ክሬግ መርማሪ ሆኖ የሚሠራበት የ«ናይቭስ አውት» ሦስተኛው ፊልም ነበር። አካባቢው አያላውስም፤ ጥቋቁር መኪናዎች ተደርድረዋል፣ ጩኸት ነው። እኔ ሦስት ጎዳና ርቄ ሰው ስጠብቅ ነበር።

ከሃያሲዎቹ ይልቅ የኋላ ወንበሬን አምናለሁ። ሰው ከፊልም ወጥቶ መኪና ውስጥ ሲገባ አይዋሽም። አብዛኛው ስለ እራት ያወራል። ከእነዚህ ማታዎች በአንዱ ግን ከ«ሃምኔት» የወጡ ሁለት ሴቶች ጫንኩ። ክሎዊ ዣው የሠራችው ነው፤ ሼክስፒርና ሚስቱ ልጃቸውን ሲቀብሩ የሚያሳይ። እስኪወርዱ ድረስ ቃል አልተነፈሱም። አንዷ ሶፍት ጠየቀችኝ፣ ሰጠኋት። ያ ፊልም ሩቅ ይሄዳል ባይ ነኝ።

እዚህ ትልቁን ሽልማት የሚሰጠው ዳኛ አይደለም፤ ተመልካቹ ነው። የአዳራሹ ሰው ድምፅ ይሰጣል፣ በመጨረሻው እሁድ፣ መስከረም 4 ይነገራል። «ስላምዶግ ሚሊየነር» እ.ኤ.አ. በ2008፣ «12 ዓመት በባርነት» እ.ኤ.አ. በ2013 እዚህ ተመርጠው ነው ኋላ ኦስካር የወሰዱት። እኛም ተመልካች የመረጠልን አለ። «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሰንዳንስ ፌስቲቫልም በርሊን ፌስቲቫልም የተመልካች ሽልማት ነው ያገኘው። የኃይሌ ገሪማ «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ፌስቲቫል ላይ ከዳኞች የተሸለመው ኩራቴ ነው። ግን አዲስ አበባን ረግጦ የማያውቅ ፈረንጅ ወረፋ ይዞ ገብቶ «የኔ ምርጫ ይሄ ነው» ሲል ሌላ ደስታ አለው።

አጭር ፊልምሽን ለመላክ አስቢያለሁ ብለሻል። ላኪው። ከተመረጠልሽ ግን የመጀመሪያውን ቅዳሜ ስጡኝ ብለሽ አትጨቃጨቂ። ያን ቀን ትልልቆቹ ይውጡሻል፤ ጋዜጠኛው ሁሉ እነሱ ጋ ነው። ሰኞና ማክሰኞ ሲሆን አብዛኞቹ ሻንጣቸውን ይዘው ወደ ኤርፖርት ናቸው። የማመላልሳቸው እኔ ነኝ፤ አውቃለሁ። ከዚያ በኋላ የሚቀረው የከተማው ሰው ነው። ጥያቄና መልሱ ላይ ረጋ ብሎ የሚጠይቅሽ እሱ ነው።

የእንግሊዝኛውን የግርጌ ጽሑፍ ከመላክሽ በፊት ላኪልኝ። እዚህ ተወልዶ ያደገ የጓደኛዬ ልጅ አለ፣ ያይልሻል። የአያትሽን ተረት እንዳለ ቃል በቃል ገልብጠሽው እንደሆነ ማንም አይገባውም።

እናትሽን ሳሚልኝ። ለበዓሉ ትንሽ ብር ልኬያለሁ፣ ዶሮው እንዳይቀር። እንኳን አደረሳችሁ።

አባትሽ