የሂሳብና ኮምፒውተር ክበብ፦ ጀልባ የሚጎትተውን ገመድ በስሌት

የክበባችን አባላት ዘንድሮ በፓይተን (የኮምፒውተር ፕሮግራም መጻፊያ ቋንቋ) የሠሩት፣ ጀልባ በውሃ ውስጥ የሚጎትተው ገመድ የሚይዘውን ቅርጽ የሚያሰላ ሞዴል ነው። የሎጎ ሐይቅ ጥልቀት ከ80 ሜትር ያልፋል። ወለሉን የሚያጠና መሣሪያ በ100 ሜትር ገመድ ቢጎተት ስንት ሜትር ይወርዳል? መልሱ በጀልባው ፍጥነት ይወሰናል።

ገመዱ በ20 ቁራጭ ተከፍሎ ክብደቱ በ21 ነጥቦች ላይ ይቀመጣል፤ ነጥቦቹን ሞላ ያያይዛቸዋል። በእያንዳንዱ ነጥብ ላይ ተንሳፋፊነት የተቀነሰለት ክብደት፣ የሁለቱ ጎረቤቶች ውጥረትና የውሃው ተቃውሞ ይደመራሉ። ተቃውሞው ገመዱን በጎኑ የሚገፋና በገመዱ ርዝመት የሚሄድ ተብሎ ለሁለት መከፈል አለበት። የመጀመሪያው ኮፊሸንት (የተቃውሞውን ብርታት የሚገልጽ ቁጥር) 1.2 ገደማ ሲሆን ሁለተኛው የዚያ መቶኛ ያህል ነው። ካልተከፈለ የገመዱ ዝንባሌ ይሳሳታል።

ሞዴሉ የሚታመነው በእጅ ከተሠራ ስሌት ጋር ሲገጥም ብቻ ነው። ጫፉ ላይ ምንም ያልታሰረበት፣ 10 ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለውና በውሃ ውስጥ በሜትር 4 ኒውተን የሚመዝን ገመድ በሰከንድ 2 ሜትር ሲጎተት ቀጥ ያለ መስመር ይሠራል። ገመዱን በጎኑ የሚገፋው የክብደቱ ድርሻ፣ 4 ሲባዛ ኮሳይን፣ ከውሃው ተቃውሞ፣ 24 ሲባዛ ሳይን ስኩዌር፣ ጋር እኩል ሲሆን ገመዱ ከውሃው ገጽ ጋር የሚሠራው ማዕዘን 22.5 ዲግሪ፣ የጫፉ ጥልቀት 38 ሜትር ይወጣል። ፍጥነቱ ወደ 1 ሜትር ሲወርድ ተቃውሞው በአራት እጅ ስለሚቀንስ ጫፉ 69 ሜትር ይደርሳል። ተማሪዎቻችን ይህን በደብተራቸው ሠርተው ከኮምፒውተሩ ጋር ማስተያየታቸው ከየትኛውም ባለቀለም ሥዕል የበለጠ ያስደስተኛል።

ፕሮግራሙ እንቅስቃሴውን የሚያሰላው በትንንሽ የጊዜ እርምጃዎች ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚበላሸውም እርምጃው ሲሰፋ ነው። በብረት ውስጥ ንዝረት በሰከንድ 5,000 ሜትር ገደማ ስለሚጓዝ፣ ለ5 ሜትር ቁራጭ እርምጃው ከሰከንድ አንድ ሺህኛ ማነስ አለበት፤ አለዚያ ቁጥሮቹ ያለ ገደብ ያድጋሉ። በግማሹ ቢሠራ ለ5 ደቂቃ ጉዞ 600,000 እርምጃ ይጠይቃል። መብራት ሊጠፋ ስለሚችል ፕሮግራሙ ውጤቱን በየመሀሉ ፋይል ላይ ይጽፋል። ሌላው ጥንቃቄ፣ ገመድ ይስባል እንጂ አይገፋም፤ ሞላው ሲላላ ኃይሉ ዜሮ እንዲሆን ካልታዘዘ ገመዱ እንደ ዘንግ ይሆናል። የጀልባው ፍጥነትም ከዜሮ ቀስ እያለ መነሳት አለበት።

ጀልባው ሲታጠፍ ጭራው በውስጥ በኩል አጭር መንገድ ስለሚሄድ ፍጥነቱ ቀንሶ ይሰምጣል። ስለዚህ ጥልቀቱ በሚቀንስበት ዳርቻ አጠገብ ከመታጠፉ በፊት ገመዱ መሰብሰብ አለበት። በሚቀጥለው ዓመት ጫፉ ላይ ክብደት ይታሰራል፤ ያኔ ገመዱ ስለሚጎብጥ ቀመሩ ብቻውን አይበቃም።