ከየትኛዋ መኪና ጋር አወዳድረህ ነው?

ይድረስ ለጋዜጣው አዘጋጅ፣

ባለፈው እትማችሁ አንድ የታክሲ ባልደረባችን ሃይብሪድ (በቤንዚን ሞተርም በባትሪም የምትሠራ መኪና) ከገዛ ወዲህ የጋዝ፣ ማለትም የቤንዚን፣ ወጪው ከግማሽ በታች እንደወረደለት የጻፈውን አነበብኩ። እንኳን ደስ ያለው። ግን አንድ ነገር ሳይነግረን አለፈ፤ ከምን ወረደ?

እኔም ዲሲ ውስጥ ታክሲ ስነዳ ዓመታት አልፈዋል። መጀመሪያ የያዝኳት ፎርድ ክራውን ቪክቶሪያ ነበረች፤ መቼም የዚያን ዘመን ሹፌር የማያውቃት የለም። ጋዝ ትጨልጥ ነበር። ከእሷ ወርዶ ሌላ መኪና ላይ የወጣ ሰው፣ ሃይብሪድ ሆነም አልሆነም፣ ተአምር ያየ ይመስለዋል።

ሂሳቡን እንየው። የአሜሪካ የአካባቢ ጥበቃ መሥሪያ ቤት በሚያወጣው ግምት፣ ከተማና ሃይዌይ ተደባልቆ፣ ቪክቶሪያ በጋሎን 19 ማይል ገደማ ትሄዳለች። የ2020 ኮሮላ ሃይብሪድ 52፣ ተራዋ የ2020 ኮሮላ ደግሞ 33። በዓመት 30 ሺህ ማይል ለሚነዳ ሰው ቪክቶሪያ 1,580 ጋሎን፣ ተራዋ ኮሮላ 910፣ ሃይብሪዷ 580 ያህል ትፈልጋለች። ከቪክቶሪያ ወደ ሃይብሪድ የዞረ ሰው 1,000 ጋሎን አተረፍኩ ይላል፣ አልዋሸም። ግን 670ው የመጣው ትንሽ መኪና ስለገዛ ነው። የሃይብሪድነቷ ድርሻ 330 ብቻ ነው። ከ19 ወደ 33 የ14 ማይል፣ ከ33 ወደ 52 ደግሞ የ19 ማይል ጭማሪ ስለሆነ ሁለተኛው የሚበልጥ ይመስላል፤ በጋሎን ሲቆጠር ግን ግማሹ ነው። ስለዚህ በማይል ሳይሆን በጋሎን አስቡት።

እኔ የተሸወድኩት እዚህ ላይ ነው። ሻጩ ለሃይብሪዷ 3 ሺህ ዶላር ጨምር ሲለኝ ያቺ የድሮዋ ቪክቶሪያ ትዝ አለችኝና «በአንድ ዓመት ይመለሳል» ብዬ ፈረምኩ። ማወዳደር የነበረብኝ እዚያው አጠገቧ ከቆመችው ተራ ኮሮላ ጋር ነበር። ጋሎኑን በ3 ዶላር ተኩል ብናስበው የሃይብሪዷ ትርፍ በዓመት 1,160 ዶላር ገደማ ነው፤ 3 ሺሁን ለመመለስ ሁለት ዓመት ተኩል አለፈኝ።

አሮጌ መኪና መነሻ አይሆንም እያልኩ አይደለም። ጥያቄህ «ያለችኝን ልሽጣት ወይስ ትንሽ ልታገሳት» ከሆነ ትክክለኛዋ መነሻ እሷው ናት። መኪና መለወጥህ ካልቀረና «ሃይብሪዱን ወይስ ተራውን» ከሆነ ግን አሮጌዋን እርሳት።

ሥራህም ይለያያል። ሃይብሪድ ጥቅሟ በደንብ የሚታየው ከተማ ውስጥ ነው፤ ፍሬን በያዝክ ቁጥር ባትሪዋን ትሞላለች፣ መብራት ላይ ስትቆም ሞተሯ ይጠፋል። ቀኑን ሙሉ በሃይዌይ ደለስ ኤርፖርት የሚመላለስ ሰው ያን ያህል አያገኝም። ክረምት ላይ ደግሞ ሂተር ስትከፍት ሞተሩ ለሙቀቱ ሲል ይነሳል፣ ስለዚህ የጥርን ወጪ ከግንቦት ጋር ማስተያየት ዋጋ የለውም። የዳሽቦርዱንም ቁጥር ብዙ አትመኑት፣ የኔ ሁልጊዜ ትንሽ ያጋንናል። እኔ የመኪናዋን ታንክ ጢም አድርጌ እሞላና ማይሉንና ጋሎኑን ደብተር ላይ እጽፋለሁ፤ ባለቤቴ ትስቅብኛለች።

እና ወንድሜ፣ የድሮዋ መኪናህ ምን ነበረች? የምትሠራውስ ከተማ ውስጥ ነው ወይስ ኤርፖርት? በሚቀጥለው እትም ጻፍልን።

አንባቢያችሁ፣ ከአሌክሳንድሪያ፣ ቨርጂኒያ