ቡፌው ላይ ስላሉት ብልቃጦች

እማዬ፣ እንደምን ሰነበትሽ? እኛ ደህና ነን።

በስልክ ብነግርሽ «እሺ ልጄ» ብለሽ ትዘጊዋለሽ። ስለዚህ ደግመሽ እንድታነቢው ጻፍኩልሽ።

ባለፈው ሐዋሳ ስመጣ ቡፌው ላይ ሦስት ብልቃጥ አየሁ። ሁለቱ እህቴ ከአሜሪካ የላከችልሽ ካልሲየም ነው። ሦስተኛው ቫይታሚን ዲ፣ 50,000 ዩኒት የሚለው። «በየቀኑ ነው የምውጠው» ስትይኝ ደነገጥኩ። እሱ እኮ ሐኪም ሲያዝዘው አብዛኛውን ጊዜ በሳምንት አንዴ ነው፣ ያውም ለተወሰነ ጊዜ። ያለ ሐኪም ክትትል አዋቂ ሰው በቀን ከ4,000 ዩኒት እንዳያልፍ ይመከራል።

እህቴ የላከችው አጥንትሽ አሳስቧት ነው። ግን ካልሲየም ስለበዛ ብቻ አጥንት ውስጥ አይገባም። ቫይታሚን ዲ ከልክ ሲያልፍ ደም ውስጥ ያለው ካልሲየም ይጨምራል። እንዲህ ሆኖ ሲቆይ ኩላሊት ላይና የደም ሥር ግድግዳ ላይ ይጋገራል። ማንቆርቆሪያው ውስጥ የሚጋገረውን ነጭ ነገር ታውቂው የለ? የደም ሥር እንደዚያ ሲደድር እንደ ልብ አይለጠጥም፤ ልብሽ ደም ለመግፋት ይደክማል። አንቺ ደግሞ ግፊትም ስኳርም አለብሽ። እነሱ ብቻቸውን የደም ሥርን ያደድራሉ።

ውሃ ጥም፣ የሆድ ድርቀት፣ ድካም ያልሽኝን ስኳሩ ነው ብዬ አልፌው ነበር። ካልሲየም ሲበዛም እንደዚሁ ያደርጋል። የሚለየው የደም ምርመራ ነው።

ሐኪም እስኪያይሽ ሦስቱንም ተያቸው። የግፊትና የስኳር መድኃኒትሽን ግን እንዳትነኪ፣ አደራ!

ሐኪሙ አይቶሽ እሺ ካለሽ፣ ለአጥንትሽ ወተትና እርጎ ጠጪ። ቆጮሽን በጎመን ብዪ። ጎመን ቫይታሚን ኬ አለው፤ ካልሲየም የደም ሥር ላይ እንዳይቀመጥ የሚከላከለው ፕሮቲን ያለ እሱ አይሠራም። ደም እንዳይረጋ የሚያደርገውን ዋርፋሪን ለሚወስዱት ጎረቤታችን ግን ይህን እንዳትመክሪያቸው። ጎመን በድንገት ሲያበዙ መድኃኒታቸው ይደክማል። ማታ ማታም ፍቅር ሐይቅ ድረስ ወጣ በይ፤ መራመድ ለግፊትሽም ለስኳርሽም ጥሩ ነው።

ለወንድሜ ነግሬዋለሁ፣ ነገ ጠዋት ሐኪም ቤት ይወስድሻል። የካልሲየም፣ የፎስፈረስና የኩላሊት ምርመራ እንዲያዙልሽ ጠይቂ። ብልቃጦቹን እንዳትጥያቸው፤ በፌስታል አድርገሽ ያዢያቸውና ለሐኪሙ አሳዪ። ስትወጪ ደውዪልኝ፣ ስልኬን ከእጄ አላወጣም።

ልጅሽ