የእድሳቱ ቀን ሳይደርስ

በቱሉ ዲምቱና በአቃቂ ዙሪያ ለምትሠሩ ስፔሻሊስት ሐኪሞች፣

የሙያ ፈቃዳችንን ለማሳደስ በየዓመቱ 30 የተከታታይ ሙያ ማጎልበቻ ነጥብ እንደሚጠበቅብን ሁላችንም እናውቃለን። የምናውቀውን ያህል ግን አንዘጋጅም። እኔ ራሴ ባለፈው ጊዜ ቀኑ ሲደርስብኝ ከሙያዬ ጋር የማይገናኝ ሥልጠና ገብቼ ሁለት ቀን ተቀመጥሁ። ምስክር ወረቀቱን ይዤ ስወጣ ለታካሚዎቼ የሚሆን አንድም ነገር አልያዝሁም ነበር፤ ከልቤ አዘንሁ።

በማኅፀንና ጽንስ ሕክምና ብቻ እንኳ ስንት ነገር ተለውጧል! እ.ኤ.አ. በ2023 የታተመ፣ በአራት የአፍሪካ አገሮች የተካሄደ ጥናት አለ። ከወሊድ በኋላ የሚፈሰውን ደም በዓይን ከመገመት ይልቅ ልኬት ባለው የፕላስቲክ መያዣ መለካትና ሕክምናዎቹን ሁሉ ባንድ ላይ ወዲያው መጀመር፣ ከባድ መድማትንና ተያያዥ ጉዳቶቹን በ60 በመቶ ቀንሷል። ደም እስኪመጣልን መንገድ መንገዱን ለምናይ ለከተማ ዳር ሐኪሞች ከዚህ የሚቀርብ ትምህርት የለም።

ስለዚህ መሃል ከተማ ለመድረስ ግማሽ ቀን ከምናባክን፣ አሠልጣኝ ወደዚህ እንጋብዝ። ተቋሙ እውቅና ያለው፣ የነጥቡም መጠን አስቀድሞ የተገለጸ መሆኑን ግን ሳንጠይቅ አንመዝገብ፤ ያለዚያ ወረቀቱ ለእድሳት አይረዳንም። የያዛችኋቸውን ምስክር ወረቀቶችም ፎቶ አንስታችሁ አስቀምጡ።

የምትፈልጉትን ርእስ እስከ ዓርብ ማታ ላኩልኝ። የሕፃናትና የቀዶ ሕክምና ባልደረቦቼ፣ የእናንተን በተለይ እጠብቃለሁ።