ስለ ዓለም ንግድ ድርጅት ስናወራ ሠራተኛውን የት አስቀመጥነው?

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፤

ኢትዮጵያ የዓለም ንግድ ድርጅት አባል ለመሆን ማመልከቻዋን ካስገባችበት ከ1995 ዓ.ም. ወዲህ ጋዜጦቻችን ስለ ጉዳዩ የጻፉት አብዛኛው ስለ ታሪፍ፣ ስለ ባንክና ስለ ቴሌኮም ገበያ መከፈት ነው። መጻፉ ተገቢ ነው። በኢንዱስትሪ ፓርክ ልብስ የምትሰፋው ልጅ፣ የአበባ እርሻ ሠራተኛው፣ ኮንቴይነር የሚያመላልሰው ሾፌር በዚህ ድርድር ድምፃቸው በማን በኩል እንደሚገባ ግን ብዙም ሲጠየቅ አይታይም። ይህ ጥያቄ በር ተዘግቶበት ሲከርም ምን እንደሚያስከትል ሲያትል ላይ ታይቷል። (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታት በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ የአገራችን አዋጆች ብቻ በእኛው ተጽፈዋል።)

ኖቬምበር 30 ቀን 1999 ማክሰኞ ነበር። የድርጅቱ ሦስተኛው የሚኒስትሮች ጉባኤ በአሜሪካዋ ሲያትል ከተማ ሊከፈት ነው። ከ40 ሺህ በላይ እንደሆነ የተገመተ ሕዝብ አደባባይ ወጣ። ዛሬ ያ ቀን ሲነሳ የሚታወሰው የተሰበረ መስታወትና አስለቃሽ ጭስ ነው። መንገድ ላይ የነበረው ግን አንድ ሰልፍ አልነበረም፤ ሦስት የተለያዩ ነገሮች ነበሩ፣ ጥፋቱም የጀመረው እነርሱን መለየት ሲያቅት ነው።

አንደኛው የሠራተኛ ማኅበራት ሰልፍ ነው። የብረት ፋብሪካ ሠራተኞች፣ የጭነት መኪና ሾፌሮች፣ የአውሮፕላን ፋብሪካ ማሽኒስቶችና የወደብ ሠራተኞች በአንድ ስታዲየም ተሰብስበው፣ መስመሩ አስቀድሞ ታውቆ፣ በራሳቸው አስተባባሪዎች እየተመሩ ወደ መሀል ከተማ ወጡ። የወደብ ሠራተኞቹ ማኅበር በዚያው ቀን በምዕራብ አሜሪካ ዳርቻ ያሉትን ወደቦች ሥራ አስቁሞ ነበር። ሁለተኛው ገና ጎሕ ሳይቀድ የወጣው ነው። በትንንሽ ቡድን ተደራጅቶ፣ የጉባኤውን አካባቢ እንደ ድፎ ዳቦ 13 ቦታ ቆራርጦ ተከፋፍሎ፣ መስቀለኛ መንገዶቹን በሰላም ለመዝጋት የተዘጋጀ ነበር። ሦስተኛው ጥቁር ለብሶና ፊቱን ሸፍኖ የሱቅ መስኮት የሰበረው ነው፤ ከጠቅላላው ሕዝብ ጋር ሲነጻጸር እጅግ ጥቂት ሰው።

መንገዱ እንዴት ተዘጋ ለሚል፦ ሁለት ሰዎች ክንዳቸውን ከፕላስቲክ ቧንቧ በሁለቱ ጫፍ ያስገባሉ። አንጓቸው ላይ ያሰሩትን ሰንሰለት ቧንቧው መሀል ባለ ብሎን ላይ ያንጠለጥሉታል። ሰዎቹ ከፈለጉ ከውስጥ መፍታት ይችላሉ፤ ፖሊስ ግን ክንዱ የት ድረስ እንደገባ ስለማያይ በመጋዝ ለመቁረጥ ረጅም ጊዜ ይፈጅበታል። አስለቃሽ ጭስ ሥራው ሰው ማሯሯጥ ነው። እርስ በርሱ የታሰረ ሰው ደግሞ አይሮጥም፤ ጭሱን ተቀምጦ ይጠጣዋል። ከጠዋቱ 4 ሰዓት ገደማ ጭስና የበርበሬ ርጭት የተጀመረው እነዚህ ሰዎች ላይ ነበር።

የፖሊስ ስህተት የሚጀምረው ግን ከጭሱ በፊት ነው። ሰልፈኛው ቀድሞ መስቀለኛ መንገዶቹን ሲይዝ አድማ በታኙ አዳራሹ ዙሪያ ተሰልፎ በሕዝብ መሀል ተከበበ። ያንን መስመር ለቆ መሄድ ስላልቻለ፣ ጥቂት መንገድ አለፍ ብሎ መስኮት ሲሰበር የሚደርስ ኃይል አልነበረም። ዝም ብሎ የተቀመጠው ጭስ ሲቀምስ የሰበረው እንደ ልቡ ተንቀሳቀሰ። የጭሱ ክምችት አልቆ ከሌላ ቦታ ማስመጣት ግድ ሆነ። ፖሊሶቹ ተተኪ ሳያገኙ፣ በቂ ምግብና ዕረፍት ሳይኖራቸው ረጅም ሰዓት ቆሙ፤ የደከመና የተራበ ፖሊስ እጁ ላይ ያለውን ሁሉ መጠቀም ይቀለዋል። የመክፈቻው ሥነ ሥርዓት ተሰረዘ፣ ከሰዓት በኋላ ከንቲባው ፖል ሼል የአስቸኳይ ጊዜ አወጁ፣ ከምሽቱ 1 ሰዓት ጀምሮ ሰዓት እላፊ ታወጀ፣ የአገረ ገዢው ብሔራዊ ዘብም ተጠራ። ሕዝቡ ከመሀል ከተማ ሲገፋ ጭሱ አብሮት ካፒቶል ሂል ወደሚባለው የመኖሪያ ሰፈር ወጣ፤ ሰልፉን የማያውቁ ነዋሪዎች ቤታቸው በራፍ ላይ ደረሳቸው።

በማግስቱ ሰልፍ የተከለከለበት ክልል ተሰመረ። በዚያ ሳምንት ወደ 600 ሰው ታሰረ፤ አብዛኛው ክስ ውድቅ ሆኖ ቀረ። ክልሉን መከለሉን በራሱ የፌዴራሉ ይግባኝ ፍርድ ቤት በ2005 ሕገ ወጥ አላለውም። ይህ መነገር ያለበት ነው፤ መንግሥት በአስቸኳይ ጊዜ ቦታ የመከለል ሥልጣን የለውም ማለት አይቻልምና። ችግሩ እያንዳንዱ ሰው ምን እንዳደረገ ሳይለዩ በጅምላ መልቀም ነው። በ2007 የፌዴራል ዳኝነት ሸንጎ በዌስትሌክ መናፈሻ የታሰሩት ያለ በቂ ምክንያት መታሰራቸውን ወሰነ፤ ከተማው ወደ 170 ለሚጠጉ ሰዎች 1 ሚሊዮን ዶላር ለመክፈል ተስማማ። ከዚያ በፊት በ2004 ከክልሉ ውጭ ለታሰሩ 157 ሰዎች 250 ሺህ ዶላር ተከፍሏል። የፖሊስ አዛዡ ኖርም ስታምፐር ሰልፉ ባለቀ ሳምንት ሥራ እንደሚለቁ አስታወቁ፤ በሰላም በተቀመጠ ሰው ላይ ጭስ መጠቀማቸው ትልቅ ስህተት እንደነበር በኋላ ደጋግመው ተናግረዋል።

አሁን ወደ ዋናው ጥያቄ። በድርጅቱ ሕግ ውስጥ ስለ ሠራተኛ የሚያወራ ቦታ ፈልጉ ቢባል የሚገኘው አንድ መስመር ነው፤ በታሪፍና ንግድ አጠቃላይ ስምምነት አንቀጽ 20 ሥር አንድ አገር በእስረኛ ጉልበት የተመረተ ዕቃ እንዳይገባ መከልከል እንደሚችል የሚገልጸው። በ1996 ሲንጋፖር ላይ ሚኒስትሮቹ መሠረታዊ የሥራ መብቶችን እናከብራለን፣ ጉዳዩን የሚመለከተው ግን ዓለም አቀፉ የሥራ ድርጅት ነው ብለው አሳለፉት። የሥራ ድርጅቱ ደግሞ ማዕቀብ የሚያስከትል የንግድ ሕግ የለውም። ሲያትል ላይ ፕሬዚዳንት ክሊንተን የሥራ መብት በንግድ ስምምነት ይግባ፣ ውሎ አድሮም የማያከብር ይቀጣ ሲሉ የታዳጊ አገሮች ተደራዳሪዎች ተቆጡ። የሠራተኛ መብት የሚለው ቃል የእኛን ርካሽ ዕቃ ለመከልከል ሰበብ ይሆናል ብለው ፈሩ።

ፍርሃቱ እውነት ነበረው። አንድ የሚዘነጋ ነገር ግን አለ፦ በዚያ ሳምንት ውጭ የቀረው የብረት ሠራተኛው ብቻ አልነበረም። ዋናው ድርድር የሚካሄደው የተጠሩ ጥቂት አገሮች ብቻ በሚገቡበት፣ በተለምዶ አረንጓዴው ክፍል በሚባለው ዝግ ስብሰባ ነበር። የአፍሪካ አንድነት ድርጅት አባል አገሮች የንግድ ሚኒስትሮች መግለጫ አውጥተው አካሄዱን ተቃወሙ፣ በዚህ ዓይነት ለሚመጣ ስምምነትም ይሁንታ እንደማይሰጡ አሳወቁ። ጉባኤው ዲሴምበር 3 ያለ መግለጫ ተበተነ። በር ላይ የቆመው ሠራተኛና ኮሪደር ላይ የቆመው አፍሪካዊ ሚኒስትር የሚጠይቁት አንድ ነገር፣ ውስጥ ገብቶ መደመጥን ነበር፤ እርስ በርስ እንዳይደማመጡ ያደረጋቸው ቅጣቱ አገር ላይ ይውደቅ የሚለው ሐሳብ ነው።

አገር ላይ የሚወድቅ ቅጣት ምን እንደሚያደርግ እኛው አይተነዋል። ጃንዋሪ 1 ቀን 2022 ኢትዮጵያ ከአጎዋ፣ ማለትም የአፍሪካ ምርት ያለ ቀረጥ ወደ አሜሪካ ከሚገባበት ዕድል፣ ስትታገድ ምክንያቱ ጦርነቱና የሰብዓዊ መብት ጉዳይ ነበር፤ ዋጋውን የከፈሉት ግን ስለ ውሳኔው ማንም ያልጠየቃቸው የሐዋሳና የሌሎች ፓርኮች ሠራተኞች ናቸው። ሌላ መንገድ የለም እንዳይባል የሜክሲኮን እንይ። ከ2020 ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው የአሜሪካ፣ የሜክሲኮና የካናዳ ስምምነት አቤቱታ የሚቀበለው በአንድ ፋብሪካ ላይ ነው። አቤቱታው የደረሰው መንግሥት ጉዳዩን እንደሚያይ በ10 ቀን ውስጥ ያሳውቃል፣ በ45 ቀን መርምሮ ይጨርሳል። ካልታረመ የታሪፍ ጥቅሙ የሚታገደው የዚያ ፋብሪካ ምርት ላይ ነው፤ ጎረቤቱ ያለው ፋብሪካ አይነካም። በ2021 ሲላዎ ከተማ ባለው የጄኔራል ሞተርስ ፋብሪካ የኅብረት ስምምነት ድምፅ አሰጣጥ ተጭበርብሯል ተብሎ ይኸው የአቤቱታ ሥርዓት ሥራ ላይ ዋለ። ምርጫው ታዛቢ ባለበት በምስጢር ተደገመ፣ ሠራተኛው አሮጌውን ስምምነት ጣለው፣ በ2022 ነጻ ማኅበር መረጠ፣ በግንቦት ወር ላይም 8.5 በመቶ የደመወዝ ጭማሪ ተደራድሮ አገኘ። አንድም የመኪና መስታወት አልተሰበረም።

በእኛ በኩል ሕጉ ባዶ አይደለም። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 42 የመደራጀት፣ የመደራደርና ሥራ የማቆም መብት ሰጥቷል። በአዋጅ 1156/2011 መሠረት ሥራ ለማቆም ከማኅበሩ አባላት 2/3ኛው በተገኘበት ስብሰባ የአብላጫው ድጋፍና የ10 ቀን ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ያው አዋጅ ዝቅተኛ የደመወዝ ወለል የሚያጠና የደመወዝ ቦርድ እንደሚቋቋም ከደነገገ ዓመታት አልፈዋል። ሰልፍን በተመለከተ ደግሞ አዋጅ 3/1983 የሚጠይቀው ፈቃድ ሳይሆን ማሳወቅ ነው፦ ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ፣ ዓላማውን፣ ቦታና ሰዓቱን፣ የሚያልፍበትን መንገድ፣ የሰልፈኛውን ግምታዊ ቁጥርና የአስተባባሪዎቹን ስምና ፊርማ ይዞ። አስተዳደሩ ቦታው ወይም ጊዜው ይለወጥ ካለ ምክንያቱን በ12 ሰዓት ውስጥ በጽሑፍ ይገልጻል፤ ከናካቴው አይደረግም ማለት ግን አይችልም። ዛሬ በቢሮው ሁሉ «ዕውቅና ያልተሰጠው ሰልፍ» የሚለው አነጋገር ሕጉን ተክቶታል። ይህ ለፖሊስም አይበጅም። ደብዳቤው ላይ ያለው መስመር፣ ቁጥርና የአስተባባሪ ስም ማንን ከማን መለየት እንዳለበት የሚነግረው ሰነድ ነውና፤ ደብዳቤው ሲመለስ ያ መረጃ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ዝግጅት ክፍላችሁ ሁለት ነገር ቢጠይቅልን። የአባልነት ድርድሩን የሚመራው አካል ውስጥ የሠራተኛ ማኅበራት ኮንፌዴሬሽን መቀመጫ አለው ወይስ ሰነዱ ሲያልቅ ለማስተዋወቂያ ብቻ ይጠራል? በንግድ ስምምነቶቻችን ውስጥ አቤቱታ በፋብሪካ ደረጃ የሚታይበት አንቀጽ እንዲገባ የጠየቀ ተደራዳሪስ አለ? የሚመለከተው ሚኒስቴር መልሱን በስም፣ በቀንና በደብዳቤ ቁጥር ቢሰጥ ለአንባቢዎቻችሁ ብታወጡት።

ከአክብሮት ጋር፣
አዲስ አበባ