የእሁዱን የአባይ በረሃ ጉዞ ስለመቅረጽ

ሰላም ቤተሰብ፣ እሁድ ከደብረ ማርቆስ በደጀን በኩል ወደ አባይ በረሃ በሞተር ስንወርድ መንገዱን በአክሽን ካሜራ (ሄልሜት ላይ በሚገጠም ትንሽ ካሜራ) እንቀርጻለን። መነሻ ጠዋት 12:30፣ መናኸሪያው ፊት ለፊት።

ካሜራውን ሄልሜታችሁ አገጭ ላይ ግጠሙት። አናት ላይ ሲሆን ሰማይ ይበዛል፤ መሪው ላይ ደግሞ ንዝረቱ ምስሉን ያበላሸዋል። በ4ኬ (በከፍተኛ የምስል ጥራት) ሲቀርጽ ባትሪ ቶሎ ያልቃል። ትርፍ ባትሪ፣ ፓወር ባንክና ባዶ ሚሞሪ ካርድ ያዙ። ደጀን ቁርስ ላይ ቻርጅ እናደርጋለን፤ ዋናው ቁልቁለቱ ነውና ለሱ ቆጥቡ።

ጠመዝማዛው ላይ ከባድ መኪና ይበዛል። እባካችሁ እየነዳችሁ ካሜራ አትነካኩ፤ ደጀን ላይ አብርታችሁ ውረዱ። ድልድዩ ጋ ስንደርስ ግን መቅረጽ ስለማይፈቀድ ቀድማችሁ አጥፉ።

የምትመጡ፣ ካሜራ ያላችሁም፣ እስከ ዓርብ ማታ እዚሁ ጻፉልን።